ከተዝካሩ በፊት መዝገቡ ይቅደም

ሞት ለማንም የማይቀር ነው። በሥልጠና ላይ ሳለ የአባቱ ወይም የእናቱ መርዶ የሚደርሰው ሠልጣኝ በየጊዜው አይጠፋም። መርዶው ሲነገር ጓደኞቹ ከበው ያለቅሳሉ፣ ለመሳፈሪያ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሁለት ሦስቱ እስከ አገሩ ድረስ ይሸኙታል። ይህ ደግ ባህላችን ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን ለቅሶውን ሁላችንም ስናውቅበት፣ ከለቅሶው በኋላ ስለሚከተለው ጉዳይ የሚነጋገር ሰው ጥቂት ነው። ይኸውም ሟች ትተውት የሚሄዱት ቤት፣ መሬት፣ ከብት፣ የቤት ዕቃ፣ ወረቀትና ዕዳ በማን እጅ ይቆይ፣ እንዴትስ ይከፈል የሚለው ጉዳይ ነው።

በበኩሌ የምለው አጭር ነው። ከተዝካሩ በፊት መዝገቡ ይቅደም። ድግስ ከመደገሱ፣ በሬ ከመታረዱ፣ ከቤት አንዲት ዕቃ ከመውጣቷ አስቀድሞ የሟች ንብረትና ዕዳ ሁሉ ወራሾችና ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ባሉበት በወረቀት ላይ ይስፈር። ከፊቱ ቀን ይጻፍበት፤ ከግርጌው ሁሉም ይፈርሙበት። ማን ምን ይውሰድ የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህን ስል «አፈሩ ሳይደርቅ ንብረት መቁጠር ነውር ነው» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ሐዘንተኛ ሰው በሬና ማሰሮ ሲቆጥር ማየት በእርግጥ ደስ አይልም። ታዲያ ግን ባለመቆጠሩ የሚጠቀመው ማን ነው? ባለመጻፉ የሚጎዳውስ? የቤቱን ቁልፍ የያዘው ታላቅ ወንድም መዝገብ ባይኖርም አይጎዳም። ጉልበት ያለው አጎት ወረቀት አያስፈልገውም። የሚጎዱት ባልቴቲቱ እናት ናቸው፤ ሩቅ አገር የተዳረችው እኅት ናት፤ ገና ፊደል የምትቆጥረው የመጨረሻ ልጅ ናት፤ በሥልጠና ላይ ሆኖ ሦስት ቀን ብቻ ፈቃድ ያገኘው ወንድም ነው። መዝገቡ ለደካማው የሚቆም ነገር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት ለሌላው ነገር ሁሉ ይሠራል ተብሎ ለውርስ ሲሆን የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን ይላል የሚለውን በጥቂቱ ማየት ይጠቅማል። በአገራችን ስለ ውርስ የሚደነግገው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ዘመን የወጣ ቢሆንም ስለ ውርስ የሚናገረው ክፍሉ ዛሬም የሚሠራበት ነው። በሕጉ መሠረት ሟች ኑዛዜ ካልተዉ በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠሩት ወራሾች ልጆቻቸው ናቸው። ልጆቹም እኩል ይካፈላሉ። ታላቅና ታናሽ፣ ወንድና ሴት፣ በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ብሎ ሕጉ አይለይም፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ልጅ ይቆጠራል። ከልጆቹ አንዱ ከወላጁ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ የእሱን ድርሻ የእሱ ልጆች ይወስዳሉ። ሴቶች በውርስ እኩል የመሆን መብታቸው ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ በገጠሩ ቀርቶ በከተማ እንኳ «አንቺማ ተድረሽ ሄደሻል፤ ጥሎሽሽን ወስደሻል» እየተባለች ባዶ እጇን የምትመለስ እኅት ብዙ ናት። እሷም ወንድሞቼን ከማጣ ብላ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ፈቃድ ተደርጎ ይቆጠራል። እኛ ነገ ክፍል ገብተን ለልጃገረዶች «እኩል ናችሁ» ብለን የምናስተምር ሰዎች ነን። በአባታችን ቤት የእኅታችንን ድርሻ በልተን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እኩልነት ብንጽፍ ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ወንድ ሠልጣኝ ለራሱ ይመልስ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በሕይወት የቀሩት የትዳር ጓደኛ ጉዳይ ነው። አባት ሲሞቱ «የአባታችን ንብረት» ተብሎ በአንድነት የሚጠራው ሀብት ሁሉ የአባት አይደለም። ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው ያፈሩት የጋራቸው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የጋራው ሀብት ለሁለት ተከፍሎ እኩሌታው ለእናት ይወጣል፤ ለልጆች የሚከፈለው የቀረው እኩሌታ ነው። በአንጻሩ በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ከባሏ፣ ባልም ከሚስቱ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆኑም። እንግዲህ የእናት መብት ከውርሱ በፊት የሚወጣው የራሳቸው ድርሻ ነውና ልጆች «እናታችንን እንጦራለን» እያሉ የእናታቸውን ግማሽ አብረው ቢካፈሉት ጡረታ ሳይሆን ዘረፋ ነው። መጦር ሌላ፣ ድርሻ ሌላ።

ወደ ዕዳው እንምጣ። ውርሱ እስኪጣራ ድረስ የሟች ንብረት ራሱን ችሎ የሚቆም ሀብት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ላይ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የውርሱ ማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያም የሟች ዕዳ ይከፈላል። ልብ ልንለው የሚገባን ሕጉ ቀብርን ሲያስቀድም የመታሰቢያ ድግስን ከቀብር ወጪ እንደማይቆጥረው ነው። ይህ በ1952 ዓ.ም. የታሰበ ነገር መሆኑ ያስገርማል። የሕጉ አርቃቂዎች ተዝካር ስንቱን ቤት ባዶ እንዳስቀረ ሳያውቁ አልቀሩም።

ተዝካር አይደረግ ማለቴ አይደለም። የአርባና የሰማንያ ጸሎት፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ለሚያምንበት ይገባዋል። የእኔ ክርክር ከድግሱ ስፋት ጋር ነው። ልጆች ሰፈር እንዳያማቸው ብለው ሁለቱን በሬ ያርዳሉ፣ ጤፍ በብድር ያስገባሉ፣ ጠላው ይጠመቃል። በማግስቱ የማረሻ በሬ የለም፤ አራጣ አበዳሪው ደጅ ቆሟል፤ ታናሽየው ልጅ ትምህርት አቋርጦ ለሰው እረኝነት ይገባል። ሟች ራሳቸው ቀና ብለው ቢያዩ ይህን የሚፈቅዱ አይመስለኝም። መዝገብ ተጽፎ፣ ዕዳ ታውቆ፣ ለትንንሾቹ የሚቀረው ተለይቶ ከሆነ ግን የድግሱም ልክ ራሱ ይታወቃል። አቅምን የሚያሳየው ወረቀቱ ነው።

የመሬት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ስለደነገገ የገበሬ ልጅ የሚወርሰው በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። ይህም በየክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ስለሚመራ ማን ይቀድማል፣ ምን ያህልስ ሊከፈል ይችላል የሚለውን በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። የይዞታ ደብተሩ የት እንዳለ ሳያውቁ በሽማግሌ ብቻ ድንበር መቁረጥ ለነገ ጠብ መዝራት ነው። እንደ እኔ አስተያየት አንዲት ጥማድ መሬት ለስድስት ወንድማማች ከምትቆራረስ በስምምነት አንዱ አርሶ ለሌሎቹ ከምርቱ ቢያካፍል ይሻላል። ስምምነቱ ግን ይጻፍ። አለበለዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ አራሹ «የእኔ ነው» ማለቱ አይቀርም።

መንግሥት ሠራተኛ የነበረ ወላጅ የሞተበት ሰው ደግሞ ስለ ጡረታ ይወቅ። ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው የጡረታ አበል ከውርስ ሀብት አይቆጠርም። ስለዚህ ወንድማማች ተሰብስቦ የሚካፈለው ገንዘብ አይደለም፤ የጡረታው ሕግ ለይቶ ለጠቀሳቸው ለሚስት ወይም ለባል፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆችና ለመሳሰሉት የሚከፈል ነው። የእናቱን የጡረታ አበል በየወሩ ተቀብሎ «ከውርስ ድርሻዬ ነው» የሚል ጎረምሳ ካለ ስሕተቱ ይነገረው። ይህ ለእኛም ይመለከተናል። መምህር ሆነን ስንቀጠር በግል ማኅደራችን ውስጥ የምንሞላው የቤተሰብ ሁኔታ ቅጽ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ያገባ፣ የወለደ በወቅቱ ያስመዝግብ።

ቀጥሎ መደረግ ያለበትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ሞቱን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ። ይህ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የታዘዘ ሲሆን ለሞት የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን መፈለግ፤ ከነፍስ አባት፣ ከጎረቤት፣ ከሳጥን ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት። ሦስተኛ፣ ከላይ ያልሁት የንብረትና የዕዳ መዝገብ። አራተኛ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት የምስክር ወረቀት ማውጣት። ያለዚህ ወረቀት ባንክ ገንዘብ አይለቅም፣ የቤት ስምም አይዛወርም። ዛሬ ደግሞ በሞባይል ስልክ የሚቀመጥ ገንዘብ ስላለ የሟች ስልክ ለልጅ ልጅ መጫወቻ ከመሰጠቱ በፊት ይታሰብበት። ድርሻው በሌላ ሰው እጅ የገባበት ወራሽ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ በይርጋ ሊታገድበት ይችላል። ስለዚህ «ይሉኝታ ይዞኝ ነው» እያሉ ዓመት መቁጠር ያስከፍላል።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልበል። ቤትና መሬት ዋጋ ስላላቸው ሰው ይከራከርባቸዋል። የእናት ጀበና፣ ረከቦት፣ መሶብና እንዝርት፣ የአባት ጋቢ፣ ዘንግና ዳዊት ግን በገበያ ይህን ያህል አያወጡም፤ ሆኖም የከረረውን ጠብ የሚያስነሱት እነሱ ናቸው። እነዚህን በገንዘብ መተመን አይቻልም። ሁሉም ልጆች ተቀምጠው በየተራ አንዳንድ ዕቃ ቢመርጡ መልካም ነው። የመጀመሪያውን ተራ ደግሞ ወላጁን ያስታመመ ልጅ ቢያገኝ ተገቢ ነው እላለሁ። ልብሱ እንደ ልማዱ ለድኻ ይሰጥ። ወረቀት ግን ማንም ሰው አንብቦ ሳይጨርስ እንዳይቀድ፣ ለምድጃ ማቀጣጠያም እንዳያደርግ። የግብር ደረሰኝ፣ የዕድር ደብተር፣ የብድር ውል፣ የባንክ ደብተር፣ የልጆች የክርስትና ወይም የልደት ወረቀት በአንድ የአሮጌ ወረቀት ክምር ውስጥ ተደባልቀው ይገኛሉ። ፎቶግራፍና ደብዳቤም ቢሆን አንዱ ይያዘው፣ ሌሎቹ በስልክ አንስተው ይውሰዱ። ሟች መምህር ከነበሩ የትምህርት ዝግጅታቸውና መጽሐፋቸው ለአካባቢው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ ከሁሉ የበለጠ መታሰቢያ ይሆናል።

ያስታመመውን ልጅ ካነሣሁ አይቀር፣ እዚህ ላይ ሕጉና ኅሊና ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። አራቱ ልጆች ከተማ ገብተው ሲማሩ አንዷ እናቷን ስታጥብና ስታጎርስ አሥር ዓመት ቆየች እንበል። ሕጉ ለአምስቱም እኩል ይላል። ልክ ነው፤ ሕግ የእያንዳንዱን ቤት ልፋት መመዘን አይችልም። ወንድሞቿና እኅቶቿ ግን ይችላሉ። ከየድርሻቸው ቀንሰው ቤቱን ቢተዉላት ማንም አይከለክላቸውም። ወላጅም በሕይወት ሳለ በኑዛዜ ሊያስብላት ይችላል። የተማርነው እኛ የተማርነው እሷ ቤት ስለቀረች ነው። ይህን መካድ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሻለሁ። ይህን ጽሑፍ በዚህ ግድግዳ ላይ ያወጣሁት ሁላችንም ወላጆች ስላሉን ብቻ አይደለም። ተመርቀን ወደየቀበሌው ስንመደብ «መምህር፣ እስቲ ኑና ኑዛዜ ጻፉልን» ተብለን ስለምንጠራ ነው። በገጠር የሕግ ባለሙያ በቅርብ አይገኝም፤ እስክሪብቶ የያዘው ሰው መምህሩ ነው። መምህሩ ደግሞ ሕጉን ካላወቀ በጎ አድርጎ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ ቢያንስ የሚከተለውን ይያዝ።

ሌላ ሰው የሚጽፈው ኑዛዜ በሕጉ «በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ» ይባላል። ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም በዚያው ወረቀት ላይ መጠቀስ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም ጣታቸውን ያኖራሉ። «አራት ምስክሮች ባሉበት ተነበበ» የምትለው አንዲት መስመር ከቀረች ኑዛዜው ፈራሽ ይሆናል። ሁለት ምስክር የሚበቃው ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሲሆን ነው። «ለምስክር ሁለት ሰው ይበቃል» የሚለው የመንደር ልማድ እዚህ አይሠራም።

ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ከሆነ ሙሉ በሙሉ በእሱ ጽሕፈት መሆን፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ ቀንና ፊርማም ሊኖረው ይገባል። ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ በተደረገ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። የቃል ኑዛዜ ደግሞ ሞት መቃረቡን ባወቀ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ሲሆን ሥልጣኑ ጠባብ ነው። የቀብር ሥርዓትን፣ የትንንሽ ልጆችን አሳዳሪነትና ለአንድ ሰው ከአምስት መቶ ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ይመለከታል። ዛሬ አምስት መቶ ብር በግ እንኳ አይገዛም። እንግዲህ «አባባ ሲሞቱ ቤቱን ለእኔ ብለዋል» የሚለው ንግግር በሕግ ፊት ቤት አያስረክብም ማለት ነው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚያደርጉት ኑዛዜም አይጸናም፤ ለየብቻ ይጻፉ። ልጁን ከውርስ የሚነቅል አባትም ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ መግለጽ አለበት። የሚጽፈው መምህር ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው አለመሆኑን፣ ተናዛዡም በነጻ ፈቃዳቸውና በሙሉ አእምሮ መናገራቸውን ያረጋግጥ። የሚጠራጠር ከሆነ አይጻፍ።

አንዳንድ ወገኖች «ሽማግሌ እያለ፣ የሃይማኖት አባት እያለ ሕግ ሕግ ማለት ምንድነው?» ይሉ ይሆናል። ሽማግሌን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ወራሾች በሽማግሌ ፊት ተስማምተው ቢካፈሉ ፍርድ ቤት ከመመላለስ እጅግ ይሻላል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ውርሳቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላሉ፤ ለዚህም በፌዴራል ደረጃ የ1992 ዓ.ም. አዋጅ አለ። በእስልምናም ቢሆን ድርሻ ከመከፈሉ በፊት ዕዳ ይቀድማል። እኔ የምለው ሽማግሌም ሆነ ቃዲ ሊፈርድ የሚችለው ያለውን ነገር ሲያውቅ ነው። ያለውን ነገር የሚነግረው መዝገቡ ነው።

በመጨረሻም ለተቋማችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በሥነ ዜጋ ትምህርት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ተሰጥቶ ሠልጣኞች የንብረት መዝገብና በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ መጻፍን እንዲለማመዱ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ከወረዳው ፍርድ ቤት አንድ ባለሙያ ተጋብዞ ስለ ወራሽነት የምስክር ወረቀት አወጣጥ ያስረዳን፤ ጥያቄም እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ መርዶ የደረሰው ሠልጣኝ ሲሄድ ከሚዋጣለት ገንዘብ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው። በወረቀቱ ላይ ከላይ የዘረዘርኋቸው አራት ተግባራት በቅደም ተከተል ይጻፉበት። የሚወጣው ወጪ የአንድ ገጽ ማባዣ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድም ወላጆቻችን በሕይወት ሳሉ በአክብሮት እንጠይቃቸው። የይዞታ ደብተሩ የት ነው? ማን ዕዳ አለበት? ለማን ዕዳ አለብን? ምን እንድናደርግ ትፈልጋላችሁ? ጥያቄው ያስፈራል፤ አንዳንድ አባትም «ሞቴን ተመኘህ ወይ?» ብለው ይቆጡ ይሆናል። ቢቆጡም ቀስ ተብሎ፣ ቡና ሲጠጣ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ይነሣ። አለመስማማት ያለው ሠልጣኝ ወይም መምህር ካለ በዚሁ ግድግዳ ላይ መልሱን ይጻፍ፤ እንወያይበት።